የማይሸጠው ማሳ፦ የሱማትራ ሙስሊሞች ኑሮ፣ ጉዞና የውርስ ጥያቄ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተሰናዳ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።



አንድ ሰው ከመካከላችን ሲሞት ጀናዛውን ለማንሳት እንቻኮላለን። ይህ የተወደደ ሱና ነው። መቃብሩ ላይ አፈር ከመለስን በኋላ ግን ሌላው ሐቅ ይዘገያል። ዕዳው ይዘገያል፤ የሚስቱ ድርሻ ይዘገያል፤ የሴት ልጆቹ ድርሻ ደግሞ ዘግይቶ ዘግይቶ ይረሳል። ቤቱ “የሁላችንም ነው” ተብሎ ይቀመጣል። “የሁላችንም” የተባለው ቤት ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ ወንድም ስም ካርታ ወጥቶለት ይገኛል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ልንመለከተው የፈለግነው ሩቅ አገር በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር በኩል ነው። ስለ ጎረቤት ሲወራ ሰው “እኔን ነው የሚነካኝ” ብሎ ጆሮውን ይዘጋል። ስለ ሩቅ አገር ሲነገር ግን ረጋ ብሎ ያደምጣል፤ ራሱን የሚያገኘውም እዚያው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንግለጽ።

መንደሯ የት ናት?

ኢንዶኔዥያ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። በ2020 በተካሄደው ቆጠራ ሕዝቧ ወደ 270 ሚሊዮን ደርሷል፤ ከመቶው ሰማንያ ሰባት ያህሉ ሙስሊም ነው። ከትልልቆቹ ደሴቶች አንዷ ሱማትራ ስትሆን በምዕራብ በኩል ባሉት ተራሮች ላይ ሚናንግካባው የሚባል ሕዝብ ይኖራል። በ2010 ቆጠራ ቁጥራቸው ወደ 6.5 ሚሊዮን ነበር። እንደ እኛዎቹ ብዙ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች እነርሱም ሻፊዒዮች ናቸው።

የምንነግራችሁ መንደር ፓሪያንጋን ትባላለች። ማራፒ በሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ወገብ ላይ፣ ታናህ ዳታር በተሰኘው አውራጃ ውስጥ ትገኛለች። ተራራው 2,891 ሜትር ከፍታ አለው። በጃቫ ደሴት መራፒ የሚባል ሌላ እሳተ ገሞራ ስላለ ሁለቱ እንዳይምታቱ። የሚናንግካባው ሰዎች በቃል ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪካቸው የመጀመሪያዋ መንደራችን ፓሪያንጋን ናት፣ ከእርሷ ነው የተበተንነው ይላሉ። በ2012 አንድ የአሜሪካ የጉዞ መጽሔት ከዓለም ውብ መንደሮች ተርታ አስገብቷታል፤ ከዚያ በፊት ከአገሯ ውጭ የሚያውቃት ጥቂት ነበር።

ወደዚያ የሚጓዝ ሰው በአውሮፕላን ፓዳንግ ከተማ አጠገብ ያርፋል። አውሮፕላን ማረፊያው በ2005 የተከፈተ ነው። ከዚያ በመኪና የአናይን ሸለቆ ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ፏፏቴው ከመንገዱ ዳር ነው የሚወርደው። ፓዳንግ ፓንጃንግ የምትባለውን ደጋ ከተማ አልፎ ወደ ባቱሳንግካር በሚወስደው መንገድ ላይ ፓሪያንጋንን ያገኛታል። ርቀቱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ዳገቱና ጠመዝማዛው ግን ጊዜ ይወስዳል።

ያ ውበት የአላህ ፈተናም አለበት። በታኅሣሥ 2023 ማራፒ ድንገት ፈንድቶ ተራራውን ሲወጡ የነበሩ 24 ሰዎች ሞተዋል። በግንቦት 2024 ደግሞ ከባድ ዝናብ በተራራው ላይ የተከማቸውን አመድና ድንጋይ ጠራርጎ ወርዶ በአካባቢው ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ የአናይን መንገድም ቆርጦታል። አፈሩን ለሩዝ ያለመለመው ያው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሪዝቅና ፈተና ከአንድ ተራራ ይወርዳሉ።

ኑሯቸው

የመንደሯ እምብርት መስጊዱ ነው። ጣሪያው በደረጃ በደረጃ እየጠበበ የሚወጣ የቆየ መስጊድ ነው፤ ከጎኑ ከተራራው ሥር የሚፈልቅ ፍል ውኃ አለ፤ ሕዝቡ ይታጠብበታል። ከመስጊዱ በላይና በታች የሩዝ ማሳዎች በእርከን ተደርድረዋል። ውኃው ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ስለሚያልፍ የላይኛው ባለማሳ ለታችኛው ሐቅ አለበት፤ ገድቦ ሊያስቀር አይችልም። ከሩዙ ሌላ ቀረፋና ቡና ያበቅላሉ፤ ከብትም ያረባሉ። ማሳ የሚያርሱትና የሚያጭዱት ብዙ ጊዜ በደቦ ነው። እቁብም አላቸው፤ “ጁሎ ጁሎ” ይሉታል።

ሐረር አካባቢ ያደጋችሁ አድማጮቻችን የምትወዱት አንድ ነገርም አለ። እናንተ “ኩቲ” የምትሉትን የቡና ቅጠል መጠጥ እነርሱም ይጠጡታል፤ ስሙ “ካዋ ዳውን” ነው። ቅጠሉን በእሳትና በጭስ አድርቀው ያፈሉትና በኮኮናት ቅርፊት ይቀዱታል። የደች ቅኝ ገዢዎች በ1847 በዚያ አገር ቡና በግዴታ ማስተከል ጀመሩ፤ ፍሬውን ለመንግሥት መጋዘን በወሰኑት ዋጋ ማስረከብ ግድ ሆነ። ገበሬው ፍሬው ሲወሰድበት በቅጠሉ ተጽናና ይባላል። ግዴታው የቀረው በ1908 ነው።

ቤቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የሚናንግካባው ትልቁ ቤት “ሩማህ ጋዳንግ” ይባላል። ጣሪያው በሁለቱም ጫፍ እንደ ጎሽ ቀንድ ወደ ሰማይ ይሾላል። ድሮ በዘንባባ ጭረት ይከደን ነበር፤ ዛሬ ብዙው ቆርቆሮ ነው። ከፊቱ የሩዝ ጎተራ ይቆማል። በውስጡ ረጅም አዳራሽና በኋላ በኩል የተደረደሩ ክፍሎች አሉ።

ክፍሎቹ የሴቶቹ ናቸው። አንዲት ልጅ ስታገባ ከቤቷ አትወጣም፤ ባሏ ወደ እርሷ ይመጣል። ልጆቿ የሚቆጠሩት በእርሷ ጎሳ ነው፤ ጎሳውን “ሱኩ” ይሉታል። ከአንድ ሱኩ ውስጥ መጋባት በባህላቸው ክልክል ነው። ማሳውም ቤቱም ከእናት ወደ ሴት ልጅ ያልፋል። የሚያስተዳድረው የእናት ወንድም ነው፤ “ማማክ” ይሉታል። የሱኩው አለቃ “ዳቱክ” የሚል ማዕረግ አለው።

እንግዲህ ወንዱ ልጅ የት ይደር? ሰባት ዓመት አካባቢ ሲሞላው ጀምሮ “ሱራው” በተባለው የጸሎትና የትምህርት ቤት ያድር ነበር። ቁርኣን የሚቀራው፣ ፊቅሕ የሚማረው፣ ትግልና ራስን መከላከል የሚለማመደው እዚያ ነው። የሚያስተምረውም ሸይኽ እንደ አባት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቤተሰብ አባት፣ እናትና ልጆች ሆኖ በራሱ ቤት ስለሚኖር ልጆች የሚያድሩት ከወላጆቻቸው ጋር ነው። ሱራዎቹ ግን አልጠፉም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አድማጭ “ሙስሊም ሆነው እንዴት በእናት በኩል ይወርሳሉ?” ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው። እነርሱም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል፤ ደምም ፈሶበታል። በ1803 ከሐጅ የተመለሱ ሦስት ሰዎች ያስነሱት የፓድሪ ንቅናቄ ቁማርን፣ የዶሮ ውጊያን፣ መጠጥንና ይህንኑ የውርስ ልማድ ይቃወም ነበር። ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፤ በ1821 ደቾች በባህል አለቆች በኩል ገቡ፤ በ1837 የንቅናቄው መሪ ቱዋንኩ ኢማም ቦንጆል ተያዙ። ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ሕዝቡ በአፉ የያዘው አንድ ቃል አለ፦ ባህል በሸሪዓ ላይ ይቆማል፣ ሸሪዓ በአላህ መጽሐፍ ላይ ይቆማል። ቃሉ ያማረ ነው። ጥያቄው ማሳው ላይ እንዴት ይተርጎም የሚለው ነው።

ሁለት ዓይነት ሀብት

መልሱን ለመረዳት ሁለት ዓይነት ሀብት መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው “ፑሳካ ቲንጊ” ማለትም የቀደምት አያቶች ቅርስ ይባላል። ማን እንደመነጠረው የማይታወቅ፣ ከብዙ ትውልድ የመጣ ማሳና ቤት ነው። የሱኩው ነው እንጂ የማንም ግለሰብ አይደለም። ሴቶቹ እየተከፋፈሉ ያርሱታል፤ ፍሬውን ይበሉታል፤ መሸጥ ግን አይችሉም። ማስያዝ የሚፈቀደው በአራት ምክንያት ብቻ ነው፦ የሚቀበርበት ወጪ ያልተገኘለት ጀናዛ ቤት ውስጥ ሲኖር፣ ዕድሜዋ የደረሰ ልጅ ለመዳር፣ ትልቁ ቤት ሲያፈስ ለማደስ፣ ወይም አለቃ ለመሾም። ለዚያም የሁሉም ባለመብት ስምምነት ይፈለጋል።

ሁለተኛው ሰው በራሱ ላብ ያፈራው ነው። የነገደበት ሱቅ፣ የገዛው ቤት፣ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው።

በድሮው ልማድ አንድ ሰው ሲሞት በላቡ ያፈራውም ጭምር ወደ እህቱ ልጆች ይሄድ ነበር። የገዛ ልጆቹና ሚስቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሰውየው ሰላሳ ዓመት ነግዶ ያፈራውን፣ ልጁ እያየ፣ አክስቱ ቤት ይጭኑታል። ሙግቱ የተነሳው ከዚህ ነው።

የመካው ኢማም

ነገሩን በብርቱ የተቃወሙት ከዚያው ምድር የወጡ ታላቅ ዓሊም ናቸው። ሸይኽ አሕመድ ኸጢብ አልሚናንግካባዊ በ1860 ተወልደው በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ወደ መካ ሄዱ። እዚያው ተምረው በመስጂደል ሐራም የሻፊዒዮች ኢማም፣ ኸጢብና አስተማሪ ለመሆን በቁ። የኢንዶኔዥያ ሁለቱ ታላላቅ እስላማዊ ድርጅቶች መሥራቾች፣ ማለትም በ1912 ሙሐመዲያን ያቋቋሙት አሕመድ ዳሕላን እና በ1926 ከተመሠረተው ነህደቱል ዑለማ መሥራቾች ግንባር ቀደሙ ሃሺም አሽዓሪ፣ ሁለቱም ከእርሳቸው ተምረዋል።

ሸይኽ አሕመድ የዘመዶቻቸውን የውርስ ልማድ በመጽሐፍ ተቃወሙ። ፍርዳቸው የማያወላውል ነበር፤ አላህ ድርሻውን የወሰነለትን ወራሽ ከልክሎ ለሌላ መስጠት የሰው ገንዘብ መቀማት ነው አሉ። በዚህ አቋም እስከ ዕለተ ሞታቸው ጸኑ፤ በ1916 መካ ውስጥ አረፉ።

መሠረታቸው ግልጽ ነው። በሱረቱ ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ) ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ገንዘብ ለወንዶችም ለሴቶችም፣ ጥቂትም ሆነ ብዙ፣ የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ነግሮናል። ዝርዝሩን ለነቢይም ለንጉሥም ለሽማግሌም አልተወውም፤ ራሱ በስም በስም ከፋፈለው። ለቀደመው የዓረብ ጃሂሊያ ይህ አስደንጋጭ ነበር፤ ሴትና ሕፃን አይወርሱም ነበርና።

የተማሪዎቻቸው መልስ

ከሸይኽ አሕመድ ተማሪዎች አንዱ ሐጂ ዐብዱልከሪም አምሩላህ (1879–1945) ነበሩ። በሚናንግካባው አገር ከታወቁት የለውጥ ዑለማ ግንባር ቀደሙ ናቸው፤ ልጃቸው ሐምካ (1908–1981) ደግሞ የታወቀ የተፍሲር ጸሐፊ ሆነዋል። አባትየው በላብ የተገኘው ሀብት በፈራኢድ መከፋፈል እንዳለበት ከሸይኻቸው ጋር ተስማሙ። ስለ አሮጌው የጎሳ ማሳ ግን የተለየ አመለካከት ያዙ። “ይህ ማሳ የማንም ሟች ንብረት አይደለም፤ ስለዚህ ከእርሱ የሚወረስ ነገር የለም። ለወቅፍ ይቀርባል” ወደሚል መልስ ሄዱ።

ያመሳሰሉት ከሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬት ጋር ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ዑመር ከኸይበር ውድ የሆነ መሬት አገኙና ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። ነቢዩም ዋናውን አስቀምጦ ፍሬውን ሰደቃ ማድረግ እንደሚችሉ ነገሯቸው። ዑመርም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ አድርገው ፍሬውን ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ አዋሉት።

ይህን መልስ ሁሉም ዓሊም አልተቀበለውም። ወቅፍ የሚባለው ባለቤቱ ታውቆ በቃሉ ሲያቆመው ነው፤ የጎሳውን ማሳ ግን ማን እንዳቆመው አይታወቅም ብለው የሚከራከሩ አሉ። ለወንዶቹም የጋራ መብት ሊኖር ይገባል የሚሉ አሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ነጥብ ግን ለእኛ ዋናው ነው፦ ሰው በስሙ ያፈራውን ሀብት ባህል ሊያዛውረው አይችልም።

ስምምነቱ

በ1952 ቡኪቲንጊ ከተማ ላይ የባህል አለቆች፣ ዑለማዎችና ምሁራን ተሰበሰቡ። ከተነጋገሩ በኋላ የአያቶች ቅርስ በባህሉ ይሂድ፣ በላብ የተገኘው ሀብት በሸሪዓ ይከፋፈል ብለው ተስማሙ። በ1968 በፓዳንግ የተካሄደው የባህል ሕግ ጉባኤ ይህንኑ አጸና። ጠመንጃ ያልፈታውን ነገር ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፈቱት።

በምሳሌ እንየው። አንድ የፓሪያንጋን ሰው ጃካርታ ነግዶ ሞተ እንበል። ሚስት፣ እናት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ አባቱ ቀድመው ሞተዋል። በአገሪቱ በ1991 የወጣው የእስልምና ሕግ ስብስብ እንደሚለው ባልና ሚስት በትዳር አብረው ካፈሩት ግማሹ አስቀድሞ ለሚስቲቱ የራሷ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ውርስ አይደለም። ከሟቹ ድርሻ የጀናዛው ወጪ ይነሳል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ ወራሽ ላልሆነ የተናዘዘው ካለ ከሲሶ ሳይበልጥ ይፈጸማል። የቀረው 96 ሚሊዮን ሩፒያ ቢሆን ለሚስቲቱ ስምንተኛው ማለትም 12 ሚሊዮን፣ ለእናቱ ስድስተኛው ማለትም 16 ሚሊዮን ይደርሳቸዋል። ቀሪውን 68 ሚሊዮን ልጆቹ ሲካፈሉ ወንዱ 34፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 17 ሚሊዮን ይወስዳሉ። ለእህቱ ልጆች ከዚህ ምንም የለም። የጎሳው ማሳ ደግሞ ከሂሳቡ ውጭ ነው፤ እህቶቹ እንደ በፊቱ ያርሱታል።

ልብ በሉ፤ ሴቲቱ እዚህ ሁለት መጠጊያ አላት። ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታት ከእናቷ ቤት የሚያስወጣት የለም፤ ከባሏ ሀብትም የአላህ ድርሻዋ ይደርሳታል።

ወለድ አገድ እዚያም አለ

ከማሳው ጋር የተያያዘ አንድ ችግር ግን አለ፤ የእኛም ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። ሰው ገንዘብ ሲቸግረው ማሳውን ያስይዛል። አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት ድረስ ማሳውን ያርሳል፣ ምርቱን ይበላል። ዋናው ገንዘብ ግን አንዲት ሳንቲም አይቀነስም። በአማርኛ “ወለድ አገድ” የምንለው ይኸው ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የመሬቱ ፍሬ በወለድ ቦታ ይገባል።

የፊቅሕ ሰዎች ፍርድ የታወቀ ነው። ብድር ላይ ለአበዳሪው በስምምነት የሚቆረጥ ጥቅም ሪባ ነው። ማሳን መያዣ አድርጎ መቀበል ይፈቀዳል፤ ፍሬው ግን የባለማሳው ነው። አበዳሪው ማረስ ከፈለገ ኪራዩን ወይም የምርቱን ዋጋ ከዕዳው ይቀንስ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ1960 ባወጣው ሕግ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ በመያዣ የቆየ የእርሻ መሬት ያለ ክፍያ ለባለቤቱ እንዲመለስ ደንግጓል፤ ያን ያህል ዓመት ከበላው ገንዘቡን አግኝቷል በሚል። በሚናንግካባው መንደሮች ግን ሕጉ በቀላሉ አልገባም፤ “ያስያዝነውን ሳንከፍል መቀበል ነውር ነው” ይላሉ። ነውሩ ያለው ግን ከችግረኛ ወንድም ማሳ ሰባት ዓመት ምርት ሰብስቦ ዕዳው አልጎደለም ማለቱ ላይ ነው።

የወንዶቹ ጉዞ

ማሳው የሴት ከሆነ ወንዱ ሪዝቁን የሚፈልገው በእግሩ ነው። ሚናንግካባዎች ይህን “መራንታው” ይሉታል፤ አገርን ጥሎ ለንግድ፣ ለትምህርት፣ ለሥራ መውጣት ነው። ለወጣት ወንድ እንደ ግዴታ ይታይ ነበር። ዛሬ ሴቶችም ይሄዳሉ። ከዚያ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ ከራሱ አውራጃ ውጭ ነው የሚኖረው። የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሐታ የቡኪቲንጊ ልጅ ነበሩ። የአገሪቱ ታዋቂ ዲፕሎማት አጉስ ሳሊም በወጣትነታቸው ጂዳ በደች ቆንስላ ሲሠሩ ከዘመዳቸው ከሸይኽ አሕመድ ዘንድ መካ ላይ ተምረዋል።

መንገደኞቹ በየከተማው የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች “የፓዳንግ ምግብ ቤት” ይባላሉ። ሳህኖቹ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ እንግዳው የበላውን ብቻ ይከፍላል። በብዙዎቹ ሠራተኛው በወር ደመወዝ ፈንታ ከትርፉ በድርሻ ያገኛል፤ ትርፍ ሲጨምር ሳህን አጣቢውም አብሮ ያገኛል። ለዒድ ደግሞ በአንድነት ተጠራርተው ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። መስጊድ ያድሳሉ፣ መድረሳ ይሠራሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ።

ጉዞ ግን ለሴቲቱና ለልጆቿ ሐቅ ማቋረጫ ሊሆን አይችልም። በኢንዶኔዥያ ከኒካሕ በኋላ ሙሽራው የሚያነበው የታወቀ ቃል አለ። ሚስቱን ሁለት ዓመት በተከታታይ ትቷት ቢጠፋ፣ ሦስት ወር ቀለብ ቢነፍጋት፣ አካሏን ቢጎዳ ወይም ስድስት ወር ችላ ቢላት፣ እርሷም ይህን ካልወደደች፣ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዳ መፈታት ትችላለች። መንገደኛ የሚበዛበት ሕዝብ ለመንገደኛ ሚስት መውጫ በር ሠርቷል።

ትምህርቱም ለወንዶች ብቻ አልቀረም። ከፓሪያንጋን ብዙም በማትርቀው ፓዳንግ ፓንጃንግ ውስጥ ራሕማ አልዩኑሲያ የምትባል ወጣት በ1923 ዲኒያ ፑትሪ የተባለ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1957 አልአዝሀር “ሸይኻ” የሚል ማዕረግ ሰጣት። ልጃገረድ ፊቅሕ ስትማር ድርሻዋን ታውቃለች፤ ድርሻዋን ያወቀችን ሴት ደግሞ “ወንድሞችሽን አታስቀይሚ” በሚል ቃል ብቻ ዝም ማሰኘት ያስቸግራል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ውድ አድማጮቻችን፣ እነዚያ ወንድሞቻችን በባህል ሴትን ያበዙ ነበር፤ የእኛ ባህል በብዙ ቦታ ሴትን ያሳንሳል። አቅጣጫው ይለያይ እንጂ ጥፋቱ አንድ ነው፤ አላህ በከፈለው ላይ ሌላ ከፋይ መሾም ነው። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች በየቤታችን እንድናስተውል አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ ባል ያፈራው፣ ሚስት ያፈራችውና ከአያት የመጣው ንብረት ተለይቶ ይጻፍ። ክርክር የሚነሳው ባልተለየ ነገር ላይ ነው። በተለይ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ዕዳውን፣ ያበደረውንና አደራ የያዘውን በምስክር ጽፎ ይውጣ። ወደ ዓረብ አገር ሄደው በሰው ቤት ከሚሠሩ እህቶቻችን ብዙዎቹ ገንዘብ ልከው በወንድም ወይም በአባት ስም ቤት ያሠራሉ። ያ ቤት የእርሷ ነው። አባት ቢሞት ከአባት ውርስ ውስጥ ሊገባ አይገባም፤ ይህ እንዳይሆን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ክፍፍሉ አይዘግይ። ወራሾች ሁሉም ድርሻቸውን አውቀው፣ ማንም ሳይጫናቸው፣ “ቤቱ ለጊዜው በጋራ ይቆይ” ካሉ ችግር የለም። ድርሻ ሳይታወቅ በይሉኝታ የተገኘ ዝምታ ግን ፈቃድ አይባልም።

ሦስተኛ፣ እህት ድርሻዋን ለወንድሟ ልትተውለት ትችላለች፤ የራሷ ገንዘብ ነውና። ነገር ግን አስቀድሞ በእጇ ይግባ፣ ከዚያ ብትሰጥ ስጦታ ይሆናል። በእጇ ሳይገባ “ትታልናለች” የሚሉት ብዙ ጊዜ ራሳቸው ወንድሞቿ ናቸው።

አራተኛ፣ የቤተሰብን ቤት ሳይሸጥ ለትውልድ ማቆየት የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው። በሕይወትና በጤና ሳለ ወቅፍ ያድርገው፤ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ማን እንደሚያስተዳድረው በግልጽ ይጻፍ። ሴት ልጆችን ከውርስ ለማስወጣት ሲባል የሚደረግ ወቅፍ ግን የወቅፍ ልብስ የለበሰ በደል ነው።

አምስተኛ፣ በአገራችን መሬት በ1995ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ወደ ወራሽ የሚያልፈው የመጠቀም መብቱና በላዩ ያለው ንብረት ነው። ስለዚህ ዓሊምም የሕግ አዋቂም ይጠየቁ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎች በፈቃዳቸው ሲስማሙ ነው፤ ፈቃድ ስንጠየቅ ሽሽት ያበዛን እንደሆነ ምን ፈርተን እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

የፓሪያንጋን ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የወሰደባቸውን ነገር እኛ በአንድ የዒድ ስብሰባ ልንጀምረው እንችላለን። አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ልጆች ባሉበት “ይህ የእናታችሁ ነው፣ ይህ የእኔ ነው፣ ይህን ዕዳ አለብኝ” ብሎ መናገር ሞትን መጥራት አይደለም። ከቀብር በኋላ ወንድምና እህት በፍርድ ቤት ደጃፍ እንዳይገናኙ ማድረግ ነው።

አላህ ሐቅን አውቀው ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። በማራፒ ተራራ ሥር ለሞቱት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይዘንላቸው፤ የቀሩትን ይጠብቅልን። ለመንገደኞቻችን በሰላም መመለስን፣ ለወላጅ አልባዎቻችን ገንዘባቸውን የሚጠብቅ ታማኝ ሰው ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።